የተረፈችው ስፒል

ኢቮን ከሚስቱ ይልቅ አውሮፕላኑን ይወዳል ብለው በሐይቁ ዳር ያሉት ሁሉ ያሙታል። ውሸታቸውን ነው። ሁለቱንም እኩል ይወዳል፤ ልዩነቱ ሚስቱን በየጠዋቱ በባትሪ እያበራ አለመፈተሹ ብቻ ነው።

አውሮፕላኗ ነጭና ሰማያዊ ናት፤ አራት ሰው ትይዛለች፤ በታንኳ መሰል ሁለት እግሮቿ ውሃ ላይ ትቆማለች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። በዚያ በአላስካ ጥግ መንገድ የሚባል ነገር ከመንደሩ ወጥቶ ብዙም ሳይሄድ ያልቃልና ዓሣ ማስገሪያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ የዘመድ ለቅሶው ሁሉ በእሷ ነው። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ እንደ ኢቮን የሚጠነቀቅ ሰው በሐይቁ ዙሪያ አልነበረም። በየዓመቱ፣ የሳልሞን ዓሣ ከመግባቱ በፊት፣ ባለ አውሮፕላኑ ሁሉ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ ኢቮንም ፊት ለፊት ቆሞ ያንኑ ነገር ይደግምላቸዋል። ነዳጁን ከታች ቀድታችሁ ውሃ እንደሌለበት እዩ። እየሠራችሁ ሰው ቢጠራችሁ፣ ስትመለሱ ከቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጀምሩ። ሠርቼዋለሁ ብላችሁ አእምሯችሁን አትመኑ፤ እጃችሁ ይንካው፣ ዓይናችሁ ይየው። ወጣቶቹ ከኋላ ተቀምጠው "ጳጳሱ ቡራኬ ጀመሩ" እያሉ ይሳሳቃሉ። እሱም ይሰማል፤ ግድም የለው። እንዲያውም ስሙን ሳይወደው አልቀረም።

ሕጉ በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃድ ያለው መካኒክ አውሮፕላኑን ከአፍንጫ እስከ ጭራ አይቶ መዝገቡ ላይ ይፈርም ይላል። መካኒኩ ግን ኬርሚት የሚባል አንድ ሰው ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ አርባ። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ ክዳኖቹን ይፈታል፣ ያጸዳል፣ ግራሶ ይቀባል፤ ኬርሚት መጥቶ የተከፈተውን ሁሉ ያያል፤ ከዚያ ባለቤቱ ይገጥማል። ሌላው ሰው ዘንድ ኬርሚት የመጨረሻው ክዳን እስኪዘጋ ድረስ ቆሞ እንደ ቀራጭ ያፈጣል። ኢቮን ቤት ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ የለም። የኢቮን ሚስት የማትሮና የዓሣ ሾርባ ቀርቦለት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይፈርማል። ጳጳሱን ማን ይቆጣጠራል?

ዘንድሮም እንዲሁ አደረጉ። ኢቮን ሁለት ቀን ሲፈታ ሲገጥም ሰነበተና በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ጸሐይዋ ገና ሐይቁ ላይ ሳለች፣ ኬርሚት በላ፣ ፈረመ፣ ሄደ። በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ፌክላ አውሮፕላኗን አስነሥታ ከተራራው ባሻገር ወዳለው የአክስቷ የዓሣ ሰፈር በረረች። ሃምሳ ደቂቃ መንገድ ነው። ለአክስቷ ዳቦና ለጀልባዋ ሞተር አዲስ መዘውር ይዛላታለች። ፌክላ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አንኮሬጅ ከተማ ታስተምራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ ለበጋው ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። መብረር ያስተማራት እሱ ነው።

ኢቮን እጇን አውለብልባ ስትሄድ አይቶ ዕቃውን ሊሰበስብ ወደ መጋዘኑ ገባ። መደርደሪያው ላይ፣ በጨርቅ የተሸፈነች፣ አሥራ ሁለት ጎድጓዳ ያላት የኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ አለች። ከማትሮና ጓዳ ከሰረቃት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ማትሮናም ይህን እስካሁን አልረሳችለትም። ከየክዳኑ ሥር የፈታውን ብሎንና ዳዶ በየጎድጓዳው ይከትበታል፤ ለእያንዳንዱም የሚገባውን አዲስ ስፒል ያስቀምጥበታል። ገጥሞ ሲጨርስ ቆርቆሮዋ ባዶ መሆን አለባት። ይህ የእሱ ፈጠራ ነው፤ በአዳራሹም በኩራት አሳይቷታል።

ጨርቁን ገፈፈው። በስድስተኛው ጎድጓዳ ውስጥ አንዲት አዲስ ስፒል ተኝታለች።

ቆሞ አያት። አነሣት። የጣት ጥፍር የማታህል፣ ሁለት እግር ያላት ቀጭን ሽቦ ናት፤ በብሎኑ ቀዳዳ ገብታ እግሯ ይታጠፍና ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ ትይዘዋለች። ስድስተኛው ጎድጓዳ የጭራው ነው። መሪውን ሲገፉና ሲስቡ አፍንጫውን ዝቅና ከፍ የሚያደርገው ዘንግ የታሰረበት ብሎን ነው። ያ ዳዶ ከተፈታ ብሎኑ ይወጣል፤ ብሎኑ ከወጣ ዘንጉ ይለቃል፤ ዘንጉ ከለቀቀ መሪው በእጅ ላይ የቀረ ጌጥ ነው። አብራሪው የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ስፒሏን መዳፉ ውስጥ ጨበጣት።

አሁን ሮጦ ሬዲዮውን ማንሣት ነበረበት። እናንተም እኔም እንዲህ እናደርግ ነበር እንላለን፤ ሰው ባልደረሰበት ጎበዝ ነው። ኢቮን ግን መቁጠር ጀመረ። ምናልባት እሽጉ ውስጥ አንድ ትርፍ ኖሮ ይሆናል። የእሽጉን ወረቀት ከቆሻሻው ፈልጎ አወጣ፤ አሥራ ሁለት ይላል። የወለቁትን አሮጌ ስፒሎች ከጣሳው ደፍቶ አንድ በአንድ ደረደረ። አሥራ ሁለት። እንደገና ቆጠራቸው። አሥራ ሁለት። ሦስተኛ ጊዜ ጀመረ፤ አሥራ አንድ ሲሆንለት አዲሷ ትርፍ ናት ማለት ነው ብሎ ደስ አለው፤ አንዷ እጅጌው ውስጥ ገብታ ነበርና ወደቀች። ከአሥራ ሁለቱ ቦታ አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ትላንት ትዝ አለው። ጭራው ሥር ተንበርክኮ ነበር። ዳዶውን አጥብቆ ስፒሏን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ኬርሚት መጣ፤ ማትሮናም በመስኮት "ሾርባው ደርሷል፣ እናንተ ሰዎች" አለች። እጁን ታጠበ። በሉ፣ ሳቁ፣ ተፈረመ። ተመልሶ ዳዶውን ነካው፤ ጠብቋል። ክዳኑን ዘጋ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ የለ፣ ምን የለ።

"ምን ሆነሃል?" አለች ማትሮና ከበሩ። ለዶሮዎቹ ፍርፋሪ ልትሰጥ ወጥታ ነው ያየችው።

"ምንም።"

"ፊትህ አመድ መስሏል፤ ምንም ትለኛለህ?"

መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። ማትሮና ስለ አውሮፕላን የምታውቀው ነገር የለም፤ ባሏን ግን ታውቀዋለች። ፍርፋሪው ከእጇ ወደቀ።

"ፌክላ የያዘችው ላይ ነው?"

"አዎ።"

"ነግረሃታል?"

"እየቆጠርኩ ነበር።"

"ምኑን ነው የምትቆጥረው?" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ልጄ ሰማይ ላይ ናት፤ አንተ ሽቦ ትቆጥራለህ። ሰው እንዳይሰማብህ ነው አይደል? እውነቱን ንገረኝ።"

እውነቷን ነበር። በዚያች የሬዲዮ ሞገድ ላይ ጠዋት ጠዋት ቢያንስ አሥር አብራሪ ጆሮውን ጥሎ ይበራል። አንድ ቃል ከተናገረ ማታ ሐይቁ ዙሪያ የማይሰማ የለም። ለዚህ ብሎ ሰባት ደቂቃ አቃጥሏል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ። ይህን ሲያስብ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሬዲዮውን አነሣ። ልጁን በአውሮፕላኗ ቁጥር ጠራት። መልስ የለም። ደግሞ ጠራት። ከተራራው ጀርባ ገብታለች ማለት ነው፤ ድምፅ ተራራ አያልፍም።

"ጋሼ ኢቮን፣ ቨርን ነኝ፤ ከፍ ብዬ ስላለሁ እሰማዎታለሁ" አለ አንድ ድምፅ። ቨርን ለየመንደሩ ጭነት የሚያመላልስ ወጣት ነው፤ በአዳራሹ ከኋላ ተቀምጠው ከሚሳሳቁትም አንዱ ነው። "ምን ልርዳዎት?"

ኢቮን የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ተጫነ። ማትሮና አጠገቡ ቆማለች።

"ፌክላን ፈልግልኝ። የጭራው ዘንግ ብሎን ላይ ስፒል የለም በላት። ትላንት ሳልሰካ ነው የዘጋሁት። እኔ ነኝ የረሳሁት።"

ሞገዱ ጸጥ አለ። ሌላ ጊዜ ወሬ የማይጠፋበት ሞገድ ነው። ከዚያ ቨርን "እሺ" አለ፤ ቀልዱ ሁሉ ከድምፁ ጠፍቷል።

ቨርን ሲጠራት ይሰማል፤ የእሷ መልስ ግን ለኢቮን አይደርሰውም። ግማሹን ወሬ ብቻ እየሰሙ መቆም ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

"ጋሼ፣ አግኝቻታለሁ። ደህና ናት። 'ስፒሏ አለች፤ አባዬ አይስጋ በልልኝ' ብላለች።"

"ምን?"

"'አለች' ነው የምትለው።"

"ስፒሏ እኮ እጄ ላይ ናት! አልገባትም ማለት ነው። አባትሽ እጅ ላይ ናት በላት።"

ቨርን ነገራት። ጠበቁ።

"ጠዋት በዓይኗ እንዳየቻት ነው የምትናገረው። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው፣ ጋሼ።"

ኢቮን ቆሽቱ አረረ። የት ታያታለች? በስድስት ብሎን ከታሰረ ክዳን ሥር ያለ ነገር በምን ዓይኗ ታያለች? ሌላውን ስፒል አይታ ተሳስታለች፤ እንዲህ ተሳስታ ደግሞ ተረጋግታ ትበራለች። ከፍርሃት የሚብስ መረጋጋት አለ።

"ቨርን፣ ስማኝ። መሪውን በኃይል እንዳትገፋ፣ እንዳትስብ። ፍጥነቷን ትቀንስ። ከፊቷ ያለው ጠባቡ ሐይቅ ላይ ቀስ ብላ ትረፍ፤ ካቻቢቴ መሣሪያ ቦርሳው ውስጥ አለ፤ ጭራውን ከፍታ ትይ። አባትሽ ለመነሽ በላት።"

ትንሽ ቆይቶ ቨርን "እሺ ብላለች፤ እየወረደች ነው። ከዚህ አያታለሁ" አለ። ቀጥሎም "ከተራራው ታች ሆናለች፤ አሁን አላያትም" አለ። ከዚያም፣ እያፈረ፣ "ጋሼ ኢቮን፣ እዚህ ላይ ልዞርላት ነበር፤ ግን ነዳጄ ለመንገዴና ለመጠባበቂያው ብቻ ነው ያለኝ" አለ።

የመጠባበቂያ ነዳጅ እንዳይነካ በየዓመቱ የሚለፈልፈው ማን ሆነና። "ሂድ፣ ልጄ። አንተም ቤተሰብ አለህ። እግዜር ይስጥልኝ" አለው።

ከዚያ ወዲያ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ውሃ ላይ ካረፈች በኋላ ሬዲዮዋ ከሐይቁ አይወጣም። የጎረቤቱን አውሮፕላን ተበድሮ እንዳይሄድ ሞተሯ ወልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል። ኬርሚት ዘንድ ደወለ።

"ኬርሚት፣ ጭራውን አይተኸዋል?"

"ክፍት ሳለ አይቼዋለሁ። ምነው?"

"ስፒሉን አልሰካሁም።"

"ፈርሜያለሁ እኮ" አለ ኬርሚት። "አንተ ነህ ብዬ፣ ያንተን እጅ አምኜ ፈርሜያለሁ። አሁን ማን ነው የያዛት?"

"ፌክላ።"

"መጣሁ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ኬርሚት የሚኖረው ከሐይቁ ወዲያ ማዶ ነው፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

ኢቮንና ማትሮና የእንጨት መቆሚያው ጫፍ ላይ ቆሙ። ማትሮና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። እሱ መጸለይም አቃተው። ዓይኑ ፊት የሚመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳዶው በየንዝረቱ አንድ ፀጉር፣ አንድ ፀጉር ሲዞር። ሲነሣ ንዝረት አለ። ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋ መንገጫገጭ አለ፤ እሱ ራሱ ነው ረፊ ያላት። ባትወርድ ይሻል ነበር? ወይስ ባያስጨንቃት ኖሮ ሰፈሩ ትደርስ ነበር? ከአሥር ደቂቃ በኋላ ልክ ነኝ ይላል፤ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ገደልኳት ይላል።

"ተቀመጥ" አለችው ማትሮና።

"አልችልም።"

"እንግዲያስ እጄን አታድቅቀው።" እጇን እንደያዘ አላወቀም ነበር።

አርባ ደቂቃ። ሃምሳ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከምሥራቅ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ኢቮን ያንን ድምፅ ከመቶ ሞተር መካከል ይለየዋል፤ ቢሆንም አላመነም። ነጭና ሰማያዊዋ ከዛፎቹ በላይ ብቅ አለች፤ ዞረች፤ ዝቅ አለች። ውሃውን ስትነካ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍት አረፋዋን እየጎተተች ወደ እነሱ ትመጣለች።

ፌክላ ሞተሩን አጥፍታ ወደ እንጨቱ ዘለለች፤ ገመዱን አሰረች። ማትሮና አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት፤ አለቀሰች፤ ወዲያው ደግሞ "ምን ያህል እንዳቆየሽን ታውቂያለሽ?" ብላ ተቆጣቻት። ኢቮን ልጁን ትከሻዋን ብቻ ዳሰሳት። መሞቋን ያረጋገጠ ይመስል። ከዚያ አልፏት ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ጭራው ሄደ።

"አባዬ፣ ቆይ" አለች።

አልቆየም። ስድስቱን ብሎን ፈታ፤ ክዳኑን አነሣ፤ ባትሪውን አበራ። ብሎኑ ቦታው ነው። ዳዶው ቦታው ነው። ስፒሏም አለች፤ አዲስ፣ የምታብለጨልጭ፣ በደንብ የታጠፈች።

እዚያው እንደ ተንበረከከ ቀረ። እንግዲህ ሰው በዚህ ጊዜ ደስ ሊለው ይገባል፤ ለአንድ አፍታም ደስ ብሎት ነበር። ግን ዓይኑ ከስፒሏ አልነሣ አለ። እሱ አንዱን እግር ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች ነው የሚያጥፈው፤ አርባ ዓመት እንዲያ ነው። ይህቺ በዳዶው ዙሪያ ግራና ቀኝ ነው የታጠፈችው።

"ይህ የእኔ እጅ አይደለም" አለ።

ፌክላ ጎንበስ ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ኬርሚት ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ።"

"መቼ?"

"ዛሬ ጠዋት። እናንተ ሳትነሡ።" ከጃኬቷ ኪስ ትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ ውስጡ በየዓይነቱ ስፒል ሞልቷል። "ስከፍተው ባዶ ነበር። ሰካሁና ዘጋሁት።"

"እኔ የዘጋሁትን ከፈትሽ?"

"ሁልጊዜ እከፍተዋለሁ።"

ማትሮና አንዴ ልጇን አንዴ ባሏን ታያለች። ውሃው ከእንጨቱ ሥር ቀስ እያለ ይመታል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ኢቮን።

"ብነግርህ ምን ልትል? አምና የዘይቱ ክዳን ላልቷል ብዬህ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፍከኝ። አንቺ ነሽ ያላላሽው አልከኝ። ከዚያ በኋላ መናገሩን ተውኩትና በጠዋት መነሣት ጀመርኩ።" ከረጢቷን ወደ ኪሷ መለሰች። "እኔም አጥፍቻለሁ፤ አውቃለሁ። ግን ፊትህን ማየት አልቻልኩም።"

"ታዲያ ዛሬ ለምን ተመለስሽ? ልክ ከሆነ መንገድሽን አትቀጥይም ነበር?"

"ቨርን ያልከውን ቃል በቃል ነገረኝ። 'እኔ ነኝ የረሳሁት' አልክ። አገር እየሰማ።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "እንዲህ ብለህ አታውቅም። በሬዲዮ አገር እያዳመጠ 'እኔ ነኝ የሰካሁት' ማለት አልሆነልኝም፤ ሐይቁ ላይ አርፌ ቁጭ አልኩና አሁን በአካል ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ ተመለስኩ።"

ኢቮን ባትሪውን አጠፋ። ቢቆጣ በወደደ፤ ቁጣ ይቀለው ነበር። የሚቆጣው ሰው ግን ከራሱ በቀር አላገኘም።

"ስንት ጊዜ ነው?"

"ምኑ?"

"አታድርቂኝ፣ ፌክላ። አምናና ዘንድሮ፣ ከኋላዬ እየሄድሽ ስንት ጊዜ አገኘሽ?"

"አምስት ጊዜ" አለች። "ሦስቱ ቀላል ነገር ነው። ሁለቱ ቀላል አይደሉም።"

አምስት። ኢቮን ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ተስማማ ሰው። ከዚያ ሌላ ነገር መጣበት፤ ቀስ ብሎ መጣና ደረቱ ላይ ቆመ። ፌክላ እዚህ የምትኖረው ለበጋው ብቻ ነው። በበረዶው ወራት፣ ከመስከረም እስከ ግንቦት፣ አንኮሬጅ ናት። በእነዚያ ወራት ማንም በጠዋት አልተነሣም፤ ማንም ክዳን አልከፈተም። እሱ ግን የአውሮፕላኗን ታንኳዎች በበረዶ መንሸራተቻ ቀይሮ በየሳምንቱ ይበር ነበር። የሚበረውም ብቻውን አይደለም። በየእሑዱ ማትሮናን ከተራራው ባሻገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል። ማትሮና በማንም አውሮፕላን ስትሄድ ዓይኗን አትከድንም፤ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ እንደ ፈራች ትደርሳለች። በኢቮን ስትሄድ ግን ገና ከበረዶው ሳይነሡ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ትተኛለች። እስኪያርፉ አትነቃም።

ቀና ብሎ አያት። ማትሮና ይህ ነገር ገና አልገባትም፤ የልጇን ጀርባ እያሻሸች ነው።

"ኬርሚት ሲመጣ ሾርባ የሚባል ነገር እንዳታቀርቢለት" አላት።

"ለምን?"

"የሚሠራው ሥራ አለው።"

ከተንበረከከበት ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ። ካቻቢቴውን በእጀታው በኩል አዙሮ ለፌክላ ሰጣት።

"ሁሉንም ክፈቺው" አላት። "ከአፍንጫው ጀምሪ። እኔ አልነካም።"